የሚረዝመው እጅጌ

ሚጢ የእናቷን ኮቴ በረንዳው ላይ ስትሰማ የሹራብ መርፌዎቹ ከእጇ ወደቁ። ቶሎ አነሳቻቸውና አባቷ ትቷቸው እንደሄደው አመሳቅላ ወንበሩ ላይ አኖረቻቸው። የጓዳውን በር ሳታስጮኽ ዘግታ ሳሎን ስትደርስ እናቷ ገና ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?»

«ስፖርት እየሠራሁ ነው» አለች ሚጢ።

እናቷ ጫማዋን አስተካክላ አኖረች። ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ቅንድቧ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም። የሚጢ አባት ከሞተ ወዲህ ደግሞ ፊቷ ራሱ ዱቄት መስሎ ነበር። ሰሞኑን ግን ትንሽ ቀላ ብሏል።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ያልሞከረው ነገር የለም። ጓዳው ውስጥ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ፣ አንድ ክር የጎደለው ጊታር፣ ክንፎቻቸው እኩል ያልሆኑ ወፎች የተሳሉበት ጣውላ፣ ማንም ሳይነካው የሚንገዳገድ በርጩማ ቀርተዋል። ጎረቤት «ኢንጂነሩ» እያለ ያሾፍበት ነበር። አንዱንም በወጉ አይችልም፤ ባለመቻሉ ግን ቅር ብሎት አያውቅም። ሹራብ መሥራት ሲጀምርማ ሾፌሮቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አብሯቸው ሳቀና ተራው እስኪደርስ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። «መሪው ለእንጀራዬ ነው፤ ይሄ ለነፍሴ» ይላቸው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እናቷ ጓዳውን ዘጋችና የአባትሽን ዕቃ እንዳትነኪ አለቻት። ሚጢም መጀመሪያ የገባችው ጠረኑን ፍለጋ ብቻ ነበር። ከዚያ ጊታሩን ነካካች። ከዚያ የሬዲዮውን ብሎኖች ፈትታ መልሳ አሰረች። ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ እስክትመጣ ያለው ጊዜ መቼ እንዳለቀ አታውቀውም። ስትሳሳት የሚቆጣት፣ ማርክ የሚሰጣት የለም። በመጨረሻ አባቷ ጀምሮ የተወውን የሹራብ እጅጌ አነሳችና ጥቂት መስመር ጨመረችበት። ክሩን በግራ በኩል አጥብቃ ስለምትስበው ጠርዙ ተኮማተረ። በማግስቱም ጨመረች፤ በሳልስቱም። እናቷ ወደዚያ ክፍል ዝር እንደማትል እርግጠኛ ነበረች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ እናቷ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሚጢዬ፣ አባትሽ ይመጣል።»

ሚጢ ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየች።

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ጎህ ሲቀድ፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ጓዳ እየገባች እጅጌውን ክንዷ ላይ ትጠቀልለው ኖሯል። ድሮ ክርኗ ላይ ያልቅ ነበር። አሁን አልፎታል።

«አበደች እንዳትይኝ። እጁን አውቀዋለሁ፤ በግራ በኩል ያጠብቃል። እንደሱ የሚያበላሽ ሌላ ሰው የለም» አለችና ፈገግ አለች። ሚጢ ያን ፈገግታ ካየች ቆይታለች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተችና ውሃ ጠጣችበት።

ከዚያ በኋላ ሚጢ ጓዳ መግባት ተወች። ነገሩ በራሱ የሚበርድ መስሏት ነበር። እናቷ ግን ምግብ ቀነሰች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የተዘጋውን በር ስታይ ትቆያለች። አንድ ማለዳ ሚጢ እናቷ ለብቻዋ ስታወራ ሰማቻት። «ምን አስቀየምኩህ?» ትል ነበር።

ለወንበር ጓደኛዋ ነገረቻት። ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ስለሆነች ጩጬ ነው የሚሏት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች ጩጬ። «ትንሽ ትንሽ ጨምሪላት። እሷ ፈታ ትላለች፣ አንቺም ትጫወቻለሽ። አታካብጂ ባክሽ።»

ያን ቀን ሚጢ ገብታ መርፌዎቹን አነሳች። ክሩ ያው ክር ነው፤ ግን ከበዳት። አንድ መስመር ጨርሳ ሰዓት አየች። ሌላ ጨርሳ አሁንም አየች። ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ ስታያቸው የራሷ አልመስል አሏት፤ አንድ ሰው ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ የሚያንቀሳቅሳቸው ያህል ማጅራቷን በረዳት። ዞር አላለችም። ሦስተኛውን መስመር ሳትጀምር ወጣች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ቀድማት ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አይታወቅም።

«ትናንት መጥቶ ነበር» አለች እናቷ። «ግን ፈራሁ። እጅጌው የእጅ አንጓዬ ጋ ሊደርስ ነው። ሲጨርሰው ይሄዳል ማለት ነው?»

ሚጢ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም ነበር። ወደ ጓዳው ሄደች። እጅጌውን ከነመርፌው፣ ከነክሩ አቅፋ ወጣች፤ ከጥቅሉ እየተፈታ የሚከተላትን ክር ሳትሰበስብ መጥታ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እናቷ «አትንኪው» ልትል ተነሳች። ሚጢ ቀና ሳትል መሥራት ጀመረች። አንዱ የክር ቀለበት ከመርፌው አመለጣት፤ ለቅማ መለሰችው። በግራ በኩል ስትደርስ ክሩን ሳበች፤ ጠርዙ ተኮማተረ።

እናቷ የያዘችውን ቢላዋ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ የልጇን ጣቶች አየች።

«አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ላታልልሽ ብዬ አልነበረም። ደስ ስላለኝ ነው።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሚጢ ትተወው ወይ ትቀጥል ግራ ገባት፤ ቀጠለች። መርፌዎቹ እየተጋጩ ቀጭ ቀጭ ይሉ ነበር።

«ማን አሳየሽ?» አለች እናቷ።

«ማንም። እሱን እያየሁ ነው ያደግኩት።»

እናቷ አፍንጫዋን በመሀረቧ ጠረገች። «እሱም ሲሠራ እንዳንቺ ምላሱን ያወጣ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የሚመስል ነገር ነበረ፤ እዚያው ተቆረጠ። «ነገ ልትጨርሺው ነው?»

ሚጢ እጅጌውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አንጓ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

«አይ፣ ይቆይ» አለች። «ነገ ሌላ ነገር ልሞክር።»

«ምን?»

«ገና አላወቅኩም።»