በቀኝ በኩል ያለውን ይጫኑ

ሬሳው የሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ስልኩን እንደጨበጠ ደርቋል፤ የግራ እጁ ጥፍሮች በሩን ሲቧጥጡ ተገንጥለዋል። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ክፍሉን ሞልቶ ትንፋሽ ነስቶታል፤ ሞቱ እንዳልቸኮለ ከፊቱ ይነበባል።

መርማሪዋ አጠገቡ ተንበረከከች። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ የቱንም ያህል የደነደነ ቆዳ ሳትበሳ አትመለስምና።

ሟቹ በኮንትራት የመጣ ገምጋሚ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ለሚያስቸግራቸው ሠራተኞች ያዘጋጀውን የእርዳታ ድረ ገጽ ፈትሾ፣ ይረባል አይረባም ብሎ እንዲፈርድ ነው የተቀጠረው። ሱፉ እንከን የለውም፤ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል። ካልሲው ግን አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው። ወስፌ እሱን ጥቂት አየችና ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።

ከበሩ ግራና ቀኝ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት የሚጫኑ ቁልፎች አሉ። በግራ ያለው አረንጓዴ በሩን ይከፍታል። በቀኝ ያለው ቀይ ጋዙን ይለቃል፤ እሳት እንዳይዛመትም በሩን ይቆልፋል፤ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴውም አይከፍተውም። ከሥራቸው የነበረው ጽሑፍ ተልጧል። በጣቷ ነካችው፤ ሙጫው ገና ይይዛል።

«ስልኩን ክፈቱልኝ» አለች።

የሟቹን አውራ ጣት እስኪንቋቋ ጎትተው ስልኩ ላይ አሳረፉት። የመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ነበር፤ «ከሰርቨር ክፍል ለመውጣት፦ ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው ይቁሙ። በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ይጫኑ።»

ወስፌ ያንኑ ገጽ በቢሮው ኮምፒውተር ስታስከፍት ሌላ ነገር አነበበች። ከረጅም ሐተታ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣ «አረንጓዴውን ቁልፍ መጫን ይቻላል» ይላል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ኃላፊውን ነው።

«ጠላት ነበረው?»

«ወዳጁ ማን ነው ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ትናንት በስብሰባ ላይ ገጾቹን በሕፃን ድምፅ እያነበበ አሳቀን። የጻፋቸው ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ‹ይህን የጻፈ ሰው ደመወዝ ሳይሆን አሳዳጊ ነው የሚያስፈልገው፤ ይባረር› አለ።»

«እርስዎም ሳቁ?»

«ያልሳቀ የለም።»

«ዛሬ እዚህ ክፍል እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር?»

«ሁላችንም። ‹ነገ የሰርቨር ክፍሉን ገጽ እፈትሻለሁ› ብሎ ነበር። ሲፈትሽ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ነው፤ ገጹ ገደል ግባ ቢለው ይገባል።»

«በሩ ሰው ውስጥ እያለም እንደሚቆለፍ ያውቁ ነበር?»

ኃላፊው ክራቫቱን አስተካከለ። «ተነግሮኝ ነበር። ግን ማሽኖቹ ውድ ናቸው።»

ንድፍ አውጪዋ የሐዘን ፊት ለማሳየት እንኳ አልደከመችም። «እፎይ ብያለሁ፤ ምን ልዋሽዎት? የማስጠንቀቂያዬን ቀይ ጽሑፍ ‹ይሄን ጭቃ ማን ያየዋል› አለኝ። ቀይ ጭቃ ይመስላል? ሰው ፊት ሊያዋርደኝ እኮ ነው!»

«ገጾቹን መለወጥ የሚችለው ማን ነው?»

«ሦስታችን። እኔ፣ ኃላፊው፣ ታናሽየው። የይለፍ ቃሉ አንድ ስለሆነ ማን እንደገባ አይለይም።»

ታናሽየው ኮሪደሩ ላይ፣ አንሶላ ከለበሰው የወንድሙ አስከሬን አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለ። «አሁንም ከእኔና ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው።»

«የትናንቱ ስብሰባ አላናደደህም?»

«ለምጄዋለሁ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ ደብተሬን አውጥቶ እያነበበ ያስቅብኝ ነበር።» ከአንሶላው የወጡትን እግሮች ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ዛሬ ሳላይለት ወጣ። እኔ ካልመረጥኩለት እንዲህ ነው።»

«አይዞህ» አለችው ወስፌ፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ድረ ገጻችሁን ሙሉውን አነበብኩት» አለች። «ሟቹ ልክ ነበር፤ የተቸገረን ሰው ይበልጥ ያስቸግራል። አንድ ብቻ ጥሩ ገጽ አገኘሁ። አጭር ነው፤ ግልጽ ነው፤ ሰው ገድሏል።»

የሟቹን ስልክ አውጥታ አሳየቻቸውና መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ስህተት ነው እንዳልል፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ገጹ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ስልኩ ላይ ያለው ቅጂ ግን አልጠፋም። የቁልፎቹም ጽሑፍ የተላጠው ሰሞኑን ነው። ይህ ወጥመድ ነው።»

«ታዲያ ሦስታችንም ልናጠምድ እንችላለን» አለ ኃላፊው።

«ቆይ። ያ ቁልፍ ደም የመሰለ ቀይ ነው። እሳት ማጥፊያ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ አጠገቡ አረንጓዴ እያለ፣ ቀዩን ዝም ብሎ የሚጫን ማን ነው? ገዳዩ እንዴት ተማመነ? ገጹንስ ሲጽፍ ቀለም የሚባል ነገር ለምን ሳይጠቅስ ተወ?» ወደ ንድፍ አውጪዋ ዞረች። «ቀይሽን ጭቃ ያለሽ ሊሰድብሽ አልነበረም። ለእሱ የሚታየው ጭቃ ነው። ካልሲውንም ያየ ያውቃል፤ ሰውዬው ቀይና አረንጓዴ አይለይም።»

ንድፍ አውጪዋ አፏን ያዘች። «የሰው ቀለም አመራረጥ ሲያቃልል የኖረው!»

«ስለዚህ ነው የደበቀው፤ ቢታወቅ ማን ይቀጥረዋል? አንቺ የሰማሽው ስድብ ነው። ኃላፊው ሬሳውን ሲያዩ ‹ቸኩሎ ነው የለበሰው› ብለው አለፉ። ይህ ወጥመድ የተሠራው ግን ምስጢሩን በሚያውቅ ሰው ነው፤ ካልሲውን ማለዳ ማለዳ በሚመርጥለት ሰው።»

ታናሽየው አላንገራገረም። «ስብሰባውስ ምንም አልነበረም» አለ። «ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ደግሞ አነበበላት። በዚያው በሕፃን ድምፅ። እሷም ሳቀች። አንጀቷን ይዛ ነው የሳቀችው።» ቀና አለ። «ዛሬ ማልጄ መጥቼ ጽሑፉን ላጥኩ፤ ገጹን ለወጥኩ። በሩን ሲደበድብ ሰምቼዋለሁ። ስሜን ነበር የሚጠራው።»

«መክፈት አትችልም ነበር?»

«በካርዴ ከውጭ ይከፈት ነበር።»

ኃላፊው ወንበሩን ከእሱ አራቀ። ፖሊሶቹ ካቴናውን አጠለቁለት፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ሰጠ። ፊቱ ላይ እንዲያውም እፎይታ ነበር። ወስፌ ያን እፎይታ አየች፤ አልተወችለትም።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች፤ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ። «ወንድምህ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ስለ ገጹ አስተያየቱን ጽፏል።»

«ምን አለ?»

«‹ተመስገን፣ በመጨረሻ ገባው። ከዚህ በላይ ግልጽ ገጽ አላየሁም። ይህ ልጅ አይባረር።›»

ታናሽየው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ስልኩ ዘረጋ።

«እባክዎ… አንዴ ይድገሙልኝ።»

ወስፌ ስልኩን ከረጢት ውስጥ ከተተችና አፉን አሸገችው።

«ችሎት ላይ ይነበብልሃል» አለችው። «ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ተብሎ።»