አራተኛው ማንኪያ

የስዕል መምህርቷ ሞታ የተገኘችው ከግራጫው ግድግዳ ሥር ነው፤ አጠገቧ የተጋደመ መሰላል፣ በእጇ ያልተሰቀለ ግራጫ መጋረጃ። ያገኛት ለምሳ የመጣው ባሏ ነበር። ሐኪሙ «ጭንቅላቷ ተመትቷል፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ» ብሎ ጻፈና ሄደ። ጎረቤቱም ከመሰላል ወድቃ ሞተች ብሎ አልቅሶ ሊጨርስ ነበር፤ ቀስ በቀስ ባይመጣ ኖሮ።

ቀስ በቀስ የመርማሪው ቅጽል ስም ነው። ደረጃ ሲወጣ እንኳ እያንዳንዱን እርከን ቃል የሚቀበለው ይመስላል።

የሳሎኑ ሦስት ግድግዳዎች ቤዥ ናቸው፤ አራተኛው ግራጫ። ቤዡ የባልየው ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ሥራ ነው። ወንድማቸው ላጤ ሳለ ሶፋውንም ግድግዳውንም መርጠው፣ አሥራ ሁለት ዓመት «ምን ያለ ቤት ነው» እየተባሉ ሲደነቁ ኖረዋል። ሙሽራዋ ስትመጣ መጀመሪያ አንድ ግራጫ ትራስ ሶፋው ላይ አኖረች። ከወር በኋላ ምንጣፍ። እንግዶች «ምን ያለ ቤት ነው» ማለታቸውን አልተዉም፤ ሲሉ ግን የሚያዩት ወደ እሷ ነበር።

መርማሪው ግራጫው ፊት ብዙ ቆመ። በሰው ጭንቅላት ቁመት ላይ ትሪ የምታክል ቦታ ከሌላው ትለያለች፤ ሰማያዊ ሰማያዊ ትላለች። በጥፍሩ ፋቅ አደረጋት። ከሥሯ የደረቀ ደም ወጣ።

«ወድቆ የሞተ ሰው ደሙን ቀለም አይቀባም» አለ።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። «ቀለም ከሆነማ ግድግዳውን የቀባላት ቀቢ ነው።»

«ቀቢ እንዲህ አበላሽቶ ይቀባል? አስገባው ካቴናህን።»

በረንዳው ላይ የነጭ ቀለም ባልዲ፣ የጥቁር ጣሳና ማንኪያ የገባበት አሮጌ የቤዥ ጣሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የተቀላቀለው ግራጫ ግን ትናንት ግድግዳው ሲያልቅ አብሮ አልቋል። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ብሩሽ ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ያን ቀን ጠዋት ቤቱን የረገጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ወጥ ቤት አስገባቸው።

ቀቢው ገባ።

«ሟችን ትቀናባት ነበር ይባላል።»

«አለቃ፣ ሃያ ዓመት ቀብቻለሁ። ሰው ግድግዳዬን አይቶ ‹እሷ ዓይን አላት› ይላል። የእኔ ዓይን ምንድን ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ ነው?»

«ይህን ግራጫ ልሥራ ብል ከምን ልሥራው?»

«ከነጭ፣ ከጥቁር፣ ትንሽ ከአሮጌው ቤዥ። ቤዥ ካልገባበት ከቀሩት ግድግዳዎች ጋር አይዛመድም። እርጥብ ሳለ ያታልላል፤ ሲደርቅ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።»

ባልየው ዓይኑ ቀልቶ ገባ።

«ከቀቢው ጋር ስትስቅ ይከፋዎት ነበር?»

«ድምፅ አውጥታ የምትስቀው ከእሱ ጋር ነበር። ከእኔ ጋር ፈገግ ነው። አዎ፣ ከፍቶኛል። ዛሬም ተነጫንጬባት ነው የወጣሁት።»

«ግራጫውስ ከምን ይሠራል?»

«ሦስቱን ቀላቅለው ነው። የቤዡን ጣሳ ከዕቃ ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተደፍታብኝ አንድ ሸሚዝ አበላሽታብኛለች።»

እትዬ ወንበሩን በመሐረብ ጠርገው ተቀመጡ።

«ግራጫውን አልወደዱትም?»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ልጄ። ትራስ ነው አለች፣ ዝም አልኩ። ምንጣፍ ነው አለች፣ ዝም አልኩ። ግድግዳ ላይ ሲደርስ እግሬን ከሳሎን አወጣሁ። ዛሬም በጓሮ ገብቼ በጓሮ ወጣሁ።»

«ከምን ይሆን የሚሠራው?»

«ነጭና ጥቁር ነዋ። አመድ ሌላ ምን አለው?»

አሥር ሰዓት ላይ መርማሪው ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ደሙ ያለው በቁመቷ ልክ ነው» አለ። «መሬት ላይ ቆማ ሳለ ተገፍታ ከግድግዳው ተጋጨች። የገፋት ሰው መሰላሉን አጋደመና ደሙን መሸፈኛ ግራጫ ፈለገ። ስላልነበረ ራሱ ቀላቀለ። ቀቢው ወይም ባልየው ቢሆኑ አጠገባቸው ካለው ጣሳ ቤዥ ይጨምሩ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ይህች ቁራጭ ግን ነጭና ጥቁር ብቻ ናት።» ወደ እትዬ ዞረ። «ደግሞ ቀቢ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይሄዳል። ጸጉሩን አበጥሮ የሚሰቅል ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው፤ ወንበር ሳይጠርግ የማይቀመጥ።»

«እትዬ?» አለ ባልየው። ድምፁ የልጅ ሆነ።

እትዬ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«ልገድላት ብዬ አይደለም። መጋረጃውን ይዛ ‹እትዬ፣ ይምጡና ይዩት› አለችኝ። እየሳቀች። እኔ ያቆምኩትን ቤት አጥፍታ፣ ይምጡና ይዩት። ገፋ አደረግኋት።»

«አላጠፋችም» አለ ቀቢው ወለሉን እያየ። «ቤዡ የእርስዎ ነው። ‹የእትዬ ቀለም ካልገባበት ቤቱ አይቀበለውም› ብላ ነው ያስጨመረችኝ። ሲደርቅ ጠርቼ አሳያቸዋለሁ ስትል ነበር።»

 ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ አረፈች። ግራጫው ሁሉ ሞቅ አለ፤ ያቺ ትሪ የምታክል ቦታ ብቻ ቀዝቅዛ ቀረች።

«ስንት ማንኪያ ቤዥ?» አሉ እትዬ።

«አራት» አለ ቀቢው። «እኔ ሦስት ይበቃል ብያት ነበር።»