ከዳዋ ማዶ የተሰማው ዝናብ

ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ በስመ አብ ብዬ ወሬ የማስቀይር ሴት ነበርኩ። እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ነበር፣ ፍርሃት የጸሎትን ሰዓት ይበላል ብዬ ነው የማስበው። ይህን የምጽፈውም ማንንም ላስፈራራ አይደለም፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው፣ እመኑኝ ከራሴ የጨመርኩት የለም።

ባለቤቴ እስከ ጡረታው ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፣ ነገሌ ያመጣንም ይኸው ሥራው ነው። ሌላው ጡረታ ሲወጣ ሱቅ ይከፍታል፣ እሱ ግን አሮጌ መገናኛ ሬዲዮ ገዝቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከቤታችን ጣሪያ እስከ ጓሮው ግራር የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ፣ በመኪና ባትሪ እያስነሣ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር መጫወት ያዘ። አንዱ ሞያሌ ነው፣ አንዱ ተልተሌ፣ ሦስተኛው ጃተኒ ደግሞ ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ ነበር የሚኖረው። ጀንበር ስትጠልቅ በየተራ ይጠራራሉ፣ በስማቸው ሳይሆን ባሉበት ቦታ ስም፣ ተናግሮ የጨረሰም ተራውን ለሌላው ሲለቅ «ኦቨር» ይላል።

የጡረተኞች ጨዋታ ይመስላል፣ በቦና ግን፣ እዚህ ደረቁን ወራት እንዲያ ነው የምንለው፣ ለከብት አርቢው ትልቅ ነገር ነበር። ድሮ ቦረና ከብቱን ወደ ሩቅ ከመንዳቱ በፊት ሰው ይልካል፣ የተላከው ሰው ሣሩን በዓይኑ አይቶ ውሃውን ቀምሶ ሲመለስ ነው ከብት የሚነሣው። የባለቤቴ ሬዲዮ ከመጣ ወዲህ የሰፈራችን ሰዎች ሰው መላኩን ተዉት። ጃተኒ ዘነበ ካለ ዘንቧል ማለት ነው፣ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም።

ከሁሉም የምትቀርበኝ ጎረቤቴ ሎኮ ናት። ልጄ ሠናይ ሲወለድ ጡቴ ደርቆ ነበር፣ በላሟ ወተት ያሳደገችልኝ እሷ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የነበራት አንድ ልጇ ልበንና ከብቶቿ ነበሩ። በዚያ ዓመት ድርቁ አብዛኞቹን ጨረሰባት፣ የቀሩትም ቆመው ማደር ያቃታቸው ነበሩ። ልበን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሊነዳቸው የሚችለው፣ አቅጣጫ ከሳተ መንገድ ላይ ያልቃሉ፣ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የካቲት ሊያልቅ ነው፣ ጾሙም ገብቷል። ሎኮ እንደ ልማዷ ሲመሽ መጥታ ደፋችን ላይ ተቀመጠች።

«አካም፣ ሀዳ ሠናይ» አለችኝ፣ የሠናይ እናት ማለቷ ነው።

«ናጋ» አልኳት፣ ሰላም ነው ለማለት።

ባለቤቴ ሬዲዮውን ከፈተ። «ሞያሌ፣ ሞያሌ፣ ነገሌ ነኝ። ዝናብ አለ? ኦቨር።»

«ነገሌ፣ እዚህ የሚዘንበው አቧራ ነው፣ በጆንያ ልላክልህ? ኦቨር።»

«ለራስህ አስቀምጠው። ተልተሌስ? ኦቨር።»

«ያው ነው። ግመሉ እንኳ አኩርፎናል። ኦቨር።»

ሎኮ ሳቀች። «አባ ሠናይ፣ ይሄ ሽቦዎ ወሬ ካላመጣ ልብስ እናስጣበት።»

ባለቤቴ ዳዋን ጠራ። ጃተኒ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ባትሪው ደክሞበት ይሆናል እያለ ነበር። ሁለቴ ጠራው፣ መልስ የለም። ሦስተኛውን ሊጠራ ሲል የሬዲዮው ሹሹታ ቀጥ አለ፣ ከዚያ ዝናብ ሰማን። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ከባድ ዝናብ፣ ከወራት በኋላ ያን ድምፅ ስሰማ ሳላውቀው እንባዬ መጣ። ከዝናቡ ውስጥ የጃተኒ ድምፅ «ነገሌ፣ ዳዋ ነኝ» አለ። «ከቀትር ጀምሮ አላቆመም። ሣሩ ይበቃል፣ ቦታ አለ። ልበን ይምጣ።»

«አንተ ሰው፣ ጠፋህብን እኮ፣ ደህና ነህ? ኦቨር» አለው ባለቤቴ።

«ልበን ይምጣ» አለ በዚያው ድምፅ፣ ከዚያ ሹሹታው ተመለሰ።

ሎኮ ስሟ የተጠራ ያህል ተነሥታ ወጣች። ባለቤቴ ግን ማይኩን እንደያዘ ቀረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ኦቨር አላለም። ጃተኒ እንኳን በሬዲዮ፣ ከእኔ ጋር ምሳ ሲበላም ኦቨር የሚል ሰው ነው።»

«ቸኩሎ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለ፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ ጸሎቴ ገባሁ።

ልበን ጎህ ሲቀድ ከብቶቹን አስነሣ። ሊሰናበተኝ በር ላይ ቆመ፣ ቀጭን ረጅም ልጅ ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ሰጠሁት።

«ሀዳ ሠናይ፣ ስንመለስ እንደ ባለሥልጣን ቦርጭ አውጥተው ያዩአቸዋል» አለኝ።

«አንተም ትንሽ አውጣ» አልኩት፣ እየሳቀ ሄደ።

በማግስቱ የጃተኒ የወንድም ልጅ በአይሱዙ ተጭኖ ነገሌ ገባና ቤታችን መጣ፣ ፊቱን አይቼ መርዶ መሆኑን አወቅሁ። ጃተኒ ታሞ ሞቶ፣ ከተቀበረም ቀናት አልፈዋል።

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ጠየቀው፣ «ሬዲዮውን አሁን ማነው የሚነካው?»

«ማን ይነካዋል ጋሼ፣ ባትሪውን ለልቅሶው መብራት ወስደነዋል፣ ሽቦውንም የድንኳን ማሰሪያ አድርገነዋል።»

«ዝናቡስ?»

«የምን ዝናብ? ዳዋ ራሱ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ሆኗል።»

እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «የአጎትህ ቤት ቆርቆሮ ነው?» አልኩት።

«ሣር ነው እትዬ። በእኛ ቀበሌ ቆርቆሮ ቤት የለም።»

ለሎኮ መንገር ግድ ነበር፣ አብረን ሄደን ነገርናት። «ጃተኒ ለእኔ ዋሽቶ አያውቅም» አለች። ሠናይ በሞተር ሳይክል ልበንን ሊመልስ ወጣ። የከብቶቹን ኮቴ እየተከተለ ብዙ ተጉዟል፣ አንድ ቦታ ላይ ኮቴው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ሜዳ ይገባል። እዚያ ላይ ኮቴው ጭቃ የረገጠ ያህል ጠልቆ ይታያል አለን፣ መሬቱ ግን እንደ ጡብ የደረቀ ነው። ትንሽ ሄዶ ኮቴው ጠፋበት። ልጄ ፈሪ አይደለም፣ ከዚያ በላይ ግን አልሄድኩም አለ፣ ለምን ብዬም አልጠየቅሁትም። በደህና ስለመለሰልኝ አመሰገንኩ።

ሽማግሌዎች ዳዋን ተሻግረው ፈለጉ፣ ልበንን አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ እግዚአብሔር ምሕረቱን ላከና እኛም ጋ፣ ከዳዋ ማዶም ዘነበ። ዝናቡ በጣለ በሁለተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሎኮ ከብቶች ብቻቸውን መጡ። ከፊት የምትሄደው ቡሬዋ ላም ነበረች፣ አንዲት አልጎደለችም፣ ቆዳቸው ያብለጨልጫል። አዲስ የበቀለው ሣር ገና ጣት አይሞላም፣ የት በልተው እንዲያ እንደወፈሩ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። በራሳቸው በረት ገቡ። ሎኮ ከኋላ ልጇ የሚመጣ መስሏት መንገዱን እያየች ቆመች፣ እስኪመሽ እዚያው ነበረች።

እኔ በየዕለቱ የማመሰግን ሰው ነኝ፣ በዚያ ቀን ግን ለከብቶቹ ማንን እንደማመሰግን አላወቅሁም። የንስሐ አባቴን፣ «አባቴ፣ ለዚህ ልጅ እንደ ሕያው ልጸልይ ወይስ እንደ ሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ስሙን ብቻ ጥሪ» አሉኝ።

ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘግቶ በጨርቅ ሸፍኖት ነበር። ሎኮ ግን ሲመሽ መምጣቷን አልተወችም።

«አባ ሠናይ፣ ዳዋን ይጥሩልኝ።»

«ሎኮ፣ ጃተኒ እኮ ሞቷል።»

«ያኔስ ሞቶ አልነበረም? ልጄን የጠራው እሱ ነው፣ የት እንዳደረሰው ይንገረኝ።»

ብዙ ቀን እንቢ አላት፣ አንድ ቀን አቃተው። ጨርቁን አነሣና ዳዋን ጠራ። ሹሹታ ብቻ። ደግሞ ጠራ። ያን ጊዜ ሹሹታው ቀጥ አለ፣ ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሹሹታው ተመለሰ። ቆይቶ ደግሞ ቀጥ አለ።

ባለቤቴ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ። «ይሄ ጃተኒ አይደለም» አለ። «ሬዲዮ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ጀማሪ እንዲህ ያደርጋል፣ ማይኩን ይጫንና መናገር ይረሳል።»

ሎኮ ተንበርክካ አፏን ወደ ማይኩ አስጠጋች። «ልበን» አለች፣ «ናጋ? ከብቶቹ ገብተዋል። ቡሬዋም ገብታለች፣ ጥቁሯም ገብታለች» እያለች እያንዳንዷን በመልኳ ቆጠረችለት። ስትጨርስ ሹሹታው ቀጥ ብሎ ትንሽ ቆየና ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ትመጣለች፣ የዋለችበትን ትነግረዋለች። ባለቤቴ ሬዲዮውን ሊሸጠው ፈልጓል፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ ሎኮን ምን ብዬ ከደፌ እመልሳታለሁ? እነሱ ሲያዳምጡ እኔ ጥግ ይዤ ዳዊቴን እደግማለሁ።

ትናንት ስትወጣ እጄን ያዘችኝ። «ሀዳ ሠናይ፣ ሰማሽ አይደል? ይተነፍሳል።»

«አዎ፣ ይተነፍሳል» አልኳት።

ውሸት አይደለም፣ እኔም እሰማለሁ። ለእሷም ለባለቤቴም ያልነገርኳቸው፣ ትንፋሹ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሰው መሆኑን ነው።