መሰላል የሚባል ተማሪ

«መሰላል የሚባል ተማሪ አለ እንዴ በዚህ ግቢ?» አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ኮምፒዩተሯን እየተመለከተች። «ወይስ የንብረት ክፍሉ ዝርዝር ከተማሪው ጋር ተደባልቆብኝ ነው?»

ከመስኮቱ ፊት ሁለት ልጆች ቆመዋል። ከኋላ ያለችው፣ ቁመቷ አጭር፣ አፏ ደግሞ የማያርፍ በመሆኑ ክፍሉ በሙሉ «ድንቢጥ» የሚላት ልጅ፣ ሳቋን ለቀቀችው። «እንግዲያው ባልዲና መጥረጊያ የሚባሉም አይጠፉምና ይፈልጉልን!»

ከፊት ያለችው መሲም ሳቀች። ሳቋን ግን ቶሎ ቆረጠችው። ዝርዝሩ ላይ ያለችው መሰላል እሷው ነበረች።

«መሰረት ቢሆን በሽ በሽ ነው» ቀጠለች ጸሐፊዋ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ለዘንድሮ ፈተና ብቻ አስራ አንድ መሰረት አለኝ። መሰላል ግን አንድ። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮም ያየሁት ይሄንኑ አንድ ነው። አንቺስ ምን ልርዳሽ?»

«የስም ማስተካከያ ቅጽ ፈልጌ ነው» አለች መሲ። ቀስ ብላም ጨመረች፤ «ትንሽ ስህተት አለበት።»

ጸሐፊዋ ቅጹን አቀበለቻት። «ወላጅ ይፈርምበት፤ ምክንያቱም ይጻፍ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ስም ሰርተፊኬትሽ ላይ ይወጣል፤ እስከ ሽበትሽ ይከተልሻል።»

መሲ ዘንድሮ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትዛወር፣ በመጀመሪያው ቀን ስሟን የጠየቀቻት ድንቢጥ ነበረች። «መሲ» አለቻት። «መሰረት?» ስትላት ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። በአፏ መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም። የክፍላቸው ኃላፊ መምህር ቀሪ የሚቆጣጠረው በቁጥር ነው፤ እሷ ሠላሳ አንድ ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር እስኪቀረው ድረስ ምስጢሯ በሰላም ኖረ። በልደቷ ቀን ድንቢጥ በሦስት ቀለም «ለመሰረት» ብላ ያስጌጠችውን ካርድ ስትሰጣት ብቻ፣ አንድ ነገር ቆንጠጥ አድርጓት ነበር። ካርዱን ቤቷ ወስዳ መጽሐፍ መሐል ደበቀችው።

በድሮው ትምህርት ቤቷ የደረሰባትን እሷ ናት የምታውቀው። «እንዳትወድቂ ግድግዳ ተደገፊ!» ይሏታል። «ስንት እርከን አለሽ?» ይሏታል። ክፍል ውስጥ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ልጁ ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ቤት ገብታ «ለምን እንዲህ ያለ ስም አወጣችሁልኝ?» ስትል የአባቷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከፍ እንድትዪ ብለን ነው፣ የኔ ልጅ።» ያኔ እናቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳቋን ውጣ፣ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አባቷ ቤት ቀለም ቀቢ ነው። መሲ ደግሞ የራሷ ግምት ነበራት። ሰውዬው ከሥራ ዕቃው ሌላ ቃል አጥቶ ነው። «እንኳንም ሮለር ብሎ አልሰየመኝ» ትል ነበር ብቻዋን ስትሆን።

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲገባ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ በነካው ጨርቅ የእጁን ቀለም መወልወል ጀመረ። ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። መሲ ቅጹን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ስሜን ልቀይር ነው። መሰረት ልባል። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።» በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው፤ ካቆመች የምትጨርሰው አልመሰላትም።

አባቷ መወልወሉን አላቋረጠም። አንድ በአንድ ጣቶቹን አጸዳ፤ ቀጥሎ ጥፍሮቹን። ከዚያ ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ በጠርዙ ይዞ አነበበው። እናቷ ከውስጥ ብቅ አለች።

«ንገራት እንጂ!» አለችው። «አስራ አራት ዓመት ሙሉ አፌን ለጉመኸው!»

«አንቺ ደግሞ ጀመርሽ።»

«ቃል ባልገባልህ ኖሮ በማይክሮፎን ነበር የማወራው!»

 አባቷ እስክሪብቶ ጠየቃትና ፈረመ። መሲ ለቁጣም ለልመናም መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለፊርማ ግን አልተዘጋጀችም።

«ስሙ ያንቺ ነው» አላት። «በየመዝገቡ የምትሸከሚው አንቺ እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን ብቻዬን አላወጣሁትም። ምክንያቱን ከመጻፍሽ በፊት፣ ድሮ ተከራይተነው ከነበረው ቤት ስር ያለውን ልብስ ሰፊ ጠይቂው። እኔ ልናገረው ብል አፍራለሁ።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያ ሄደች። ልብስ ሰፊው ጆሮው ላይ ጠመኔ ሰክቶ፣ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ኮት ይቆርጣል። ከበስተኋላው የጨርቅ ጣቃ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ አሮጌ የእንጨት መሰላል ተደግፏል።

«መሰላሌ!» አለ ገና በሩ ላይ ሲያያት። ስሙ አፉ ውስጥ ሲንከባለል ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። «እንዲህ አደግሽ በሞቴ! ግቢ፣ መርፌ እንዳትረግጪ ብቻ።»

«ጋሼ፣ ስሜ ከየት እንደመጣ እርስዎን እንድጠይቅ አባዬ ልኮኝ ነው።»

ሰውዬው መቀሱን አስቀመጠ። «እስከ ዛሬ አልነገረሽም?» ሳቁ ከሆዱ ተነሳ፤ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀና ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። «አይ የሱ ነገር! እሺ ቁጭ በይ። ያኔ ከላይ፣ ከእኔ ጣሪያ በላይ ነበራችሁ። አባትሽ ልጅ ሊወለድ ነው ብሎ ቤቱን ሲቀባ ከረመ። ግድግዳው አለቀ፣ በሩ አለቀ፤ እጁ አላርፍ አለው። በመጨረሻ መውጫ መውረጃውን ደረጃ ጀመረው። ለእናትሽ ሁለት ሳምንት ይቀራታል ተብሎ ነበር። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዷን ደረጃ በዘይት ቀለም እንደ መስታወት አድርጎ ቀባና፣ ታች ቆሞ ሥራውን ሲያደንቅ…»

«ምጥ መጣ?»

«መጣ እንጂ! ሌላ መውረጃ ደግሞ የለም። እናትሽ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትረግጥ ሸርተት አደረጋት። ያ የደረጃው መደገፊያ ብረት ባይኖር ኖሮ…» ጣቱን ነክሶ ተወው። «አባትሽ ሚስቱን በገዛ ብሩሹ ቆለፈባት። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።»

መሲ ሳታስበው አፏን በእጇ ሸፈነች። አባቷን፣ ያንን የጥፍሩን ዙሪያ ሳያጸዳ እራት የማይቀርበውን ጠንቃቃ ሰው፣ ብሩሽ ይዞ ሲጮህ በሐሳቧ አየችው።

«የሥራውን መሰላል አምጥቶ በረንዳው ላይ አስደገፈ» ቀጠለ ልብስ ሰፊው። «ግን ታቹ ጠጠር ነው፤ እግሩን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። ዞር ሲል ያለሁት እኔ ነኝ። እኔና አባትሽ ደግሞ ከተኳረፍን ዓመት ሞልቶናል።»

«በምን?»

«የደንበኛዬ ሙሉ ልብስ ላይ ቀለም አንጠባጠበብኝና ተጣላን። በደጄ ሲያልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነበር የማዞረው። እሱም ወደዚያ ማዶ።»

«እና ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? በሁለት እጄ ጨበጥኩት፣ በእግሬ ወጠርኩትና ‹ያዝኩት› አልኩ። በዓመቱ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ያ ነው። እሱም መሰላሉን ወጣ።»

እናቷ ፊቷን ወደ መሰላሉ አድርጋ ወረደች። አባቷ ከስሯ እየወረደ እግሯን በእጁ ይዞ እርከኑ ላይ ያስቀምጥላት ነበር። ታች አንድ ሾፌር መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ «አንድ! ሁለት!» እያለ ይቆጥራል።

«ሰባት ላይ ስትደርስ ‹በቃኝ፣ አልችልም› ብላ ቆመች» አለ ሰውዬው። አሁን አይስቅም። «ቆጠራው ቆመ። መሰላሉ እንዳይነቃነቅ ብዬ ደረቴን አስደገፍኩት። አባትሽ ‹እዚሁ ነኝ› ብቻ አላት። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ከዚያ ራሷ ‹ስምንት› ብላ እግሯን አነሳች። አስራ ሁለቱንም ጨረሰች። አንቺ ደግሞ እናትሽ ሆስፒታል ከደረሰች ሰዓት ሳይሞላ መጣሽ። በማግስቱ ልንጠይቃችሁ ስንሄድ መንገድ ላይ ‹ስሟን ማን እንበላት› ያለ ሰው የለም። ሁላችንም አንድ ስም ይዘን ነው የገባነው።»

በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከታት። «እሱ ነው። ቤት ስትቀይሩ አባትሽ ለእኔ ተወልኝ።»

መሲ ተነስታ ተጠጋችው። እርከኖቹ በብዙ ዓመት እርግጫ መሐላቸው ጎድጉዶ እንጨቱ ነጥቷል። ከላይ ስትቆጥር ሰባተኛዋ ላይ ግን ቀይ ቀለም አለ፤ ጭረት እንኳ አልነካትም።

«እሷን አልረግጣትም» አለ ልብስ ሰፊው ወደ መቀሱ እየተመለሰ። «ጉልበቴ እያመመኝም እዘላታለሁ።»

ዓርብ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ መሲ ቅጹን ለጸሐፊዋ ሰጠች። ድንቢጥ እንደ ልማዷ ተከትላታለች፤ በእግሯ ጣቶች ቆማ በትከሻዋ በኩል ትመለከታለች።

«ስሙንም ምክንያቱንም አልሞላሽውም» አለች ጸሐፊዋ። «ፊርማው ግን አለ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

 ሊጻፍ የሚችል ነገር ሞልቷል፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። አስራ ሁለተኛዋ መሰረት ሆና ሰው መሐል መጥፋት እጇ ላይ ነው።

«አይቀየርም» አለች። «ዝርዝሩ ላይ ያለው ልክ ነው። ከንብረት ክፍል የመጣ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። «መሰላል አንቺ ነሽ? እንዲያ ቀልጄ…» አለችና ቅጹን ቀስ ብላ መለሰችላት። «ይቅርታ፣ የኔ እናት።»

ድንቢጥ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ከመሲ ቀድማ ግቢው ውስጥ ወዳለው ደረጃ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«ካርዱስ?» አለች። «‹ለመሰረት› ብዬ የጻፍኩት? ለማን ነው የሰጠሁት?»

መሲ ለሳቅ ተዘጋጅታ ነበር እንጂ ለዚህ አልነበረም። «ለእኔ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«ባልዲና መጥረጊያ ስል አብረሽኝ ሳቅሽ እኮ!»

«ሳቅሁ።»

ድንቢጥ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና አሰረች። ካቀረቀረችበት ሳትነሳ «ግን ማን ነው እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው?» አለች፤ የከንፈሯ ጥግ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አይለይም። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ይሰማ ይሆናል። ላይሰማም ይችላል።

መሲ ቅጹን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባቴ ቤት ቀለም ቀቢ ነው» አለች መሰላል። «አንድ ቀን ደረጃ ቀባ።»