ትራስ ሥር የተገኙት አራት ክኒኖች

ሚጣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከእናቷ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ክር አይጠፋም። የስድስት ዓመት ወንድም አላት፤ ጉንጮ ይሉታል። ድሮ ጉንጩ ድቡልቡል ነበር። አሁን የቀረው ስሙ ብቻ ነው። የደም ካንሰር ይዞታል።

ሐኪሙ ለእናትየው፣ «መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም። ከጤነኛ ሰው መቅኔ ማግኘት አለበት» አላት። መቅኔ ማለት፣ ልጆች፣ አጥንታችን ውስጥ ሆኖ ደም የሚሠራልን ነገር ነው። የእናትየው ተመረመረ፤ አልገጠመም። የአጎታቸውም ተመረመረ፤ እሱም አልገጠመም። የሚጣ ገጠመ!

እናትየው «ጀግናዬ!» ብላ በደስታ ጮኸች፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ እስኪቆጣት ድረስ። ሚጣም ደረቷን ነፋች።

«ለጉንጮዬ? አጥንቴንም ይውሰዱት!»

አይ ሚጣ! በማግስቱ አንድ አፉ የማያርፍ የጎረቤት ልጅ፣ «አጥንትሽን እኮ በመሰርሰሪያ ነው የሚበሱት። ዕድሜ ልክሽን ታነክሻለሽ» አላት። ሚጣ ፈራች። ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። አንዴ ጀግና ተብላለቻ! እንዴት ብላ ፈራሁ ትበል?

መፍራት ነውር አይደለም፣ ልጆች። እኔ ራሴ፣ ይሄን የማክለው ሰውዬ፣ መርፌ ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ። ግን ፈራሁ ማለት አላፍርም።

መቅኔው የሚወሰድበት የቀጠሮ ቀን ደረሰ። ነርሷ የሙቀት መለኪያውን ሚጣ ብብት ውስጥ አደረገችና፣ «ትኩሳት ካለብሽ አንነካሽም» ብላ ወጣች። እናቷ ወረቀት ልትፈርም ሄዳለች። ጠረጴዛው ላይ የእናቷ ሻይ ይጨሳል። ሚጣ በሩን አየች። ሻዩን አየች። መለኪያውን አወጣችና ብርጭቆው ላይ አስጠጋችው፤ ከዚያም ወደ ብብቷ መለሰችው።

ነርሷ ከእናትየው ጋር ስትመለስ መለኪያው ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። የሚጣ ግንባር ደግሞ በፍርሃት ላብ ርሷል።

«ውይ በሞትኩት! ይቺ ልጅ ታማለች። ከሳምንት በኋላ አምጫት።»

ሚጣ እፎይ አለች። ማታ ግን እራቷን ሳትበላ ተኛች።

በአራተኛው ቀን ከእናቷ ጋር ጉንጮን ልታይ ሄደች። ጉንጮ የተኛው መስታወት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ በቀር፣ ሰው ከውጭ ሆኖ በስልክ ያናግረዋል እንጂ አይገባም። ያን ቀን ጠዋት ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። የእሱ ነርስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጋለት፣ በሌላ እጇ ትራሱን ልታስተካክል ስታነሳው፣ አራት ክኒኖች አገኘች።

«ጉንጮ! ይሄ በሽታ እንዳይጋባብህ የምሰጥህ ክኒን አይደለም? ዋጥኩት አላልከኝም?»

ሚጣ ሁሉንም በስልኩ ትሰማለች። ጉንጮ በመስታወቱ አሻግሮ አያት።

«ጉንጬ ውስጥ ደብቄው ነው። ለሚጣ ነው ያስቀመጥኩት። ትኩሳት ያዛት አላላችሁኝም? ቶሎ እንድትድን ብዬ ነው።»

ስልኩ ከሚጣ እጅ ወደቀ። የእናቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ትኩሳት አልነበረብኝም! ሻይሽ ላይ ነው ያሞቅኩት። ፈርቼ ነው። እኔ ነኝ ያሳመምኩት!»

እናትየው እጇን አነሳች። የምትመታት መስሏት ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ግን ያነሳችው የራሷን አፍ ልትይዝ ነበር። «ፈራሁ ብትዪኝ ምን ነበረበት ልጄ? እኔም እኮ ስፈራ ነው የምውለው» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ሚጣ ለሐኪሙ ራሷ ሄዳ ተናገረች። ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«አሁን አንቺ ዝግጁ ብትሆኚ እሱ አይችልም። ትኩሳቱ እስኪወርድ እንጠብቃለን። ከወረደ ነው እንግዲህ።»

ከወረደ! ሚጣ በየቀኑ ስፌት መኪናው አጠገብ ተንበርክካ፣ «አምላኬ፣ እኔን ይቅር በለኝ፤ እሱን ግን አድነው» እያለች ጸለየች። ትኩሳቱ እስኪወርድ ሃያ ሦስት ቀን ፈጀ። ጉንጮ በእነዚያ ቀናት ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ አቃተው።

በመጨረሻ መቅኔው ከሚጣ ተወስዶ ለጉንጮ ተሰጠ። በማደንዘዣ አስተኝተዋት ስለነበር ምንም አልተሰማትም። ስትነቃ ከደረጃ እንደወደቀ ሰው ዳሌዋን አመማት። ሦስት ቀን አነከሰች፤ በአራተኛው ተዋት። ይኸው ነው፣ ልጆች። ያ ሁሉ መከራ ለዚህ ነበር።

ስልኩን እንደገና አነሳች። የጉንጮ ድምፅ ቀጥኗል።

«ትኩሳትሽ ለቀቀሽ?»

«አልነበረብኝም፣ ጉንጮዬ። ዋሽቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

ጉንጮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚጣ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። እሱም ፊቱን ሳይመልስ፣ «ነገም ነዪ» አላት።

የጉንጮ ሰውነት መቅኔውን ይቀበለው አይቀበለው ገና አልታወቀም። ሚጣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየሄደች መስታወቱ ፊት ትቆማለች። እናንተም ዛሬ ስትጸልዩ ጉንጮን አስቡት።

ልጆቼ፣ ስትፈሩ «ፈራሁ» በሉ እንጂ አትዋሹ፤ የውሸታችሁን ዋጋ የሚከፍለው ከሁሉ አብልጦ የሚወዳችሁ ሰው ሊሆን ይችላልና።