በፋና ጓሮ የተተከሉ ባንዲራዎች

የወርቁ ሣጥን ባዶ ነበር።

ፋና ክዳኑን ዘጋችና እንደገና ከፈተችው። ባዶ ነው። ሐብሉም፣ አምባሩም፣ ጉትቻውም የለም። የሙሽራው ወገኖች ለልጇ ለሩሐማ በጥሎሽ ያመጡት ወርቅ ነው። ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ፋና ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምትጠብቅ ሴት ናት። ልጇ ስልክ ካላነሳች ሆስፒታል ለሆስፒታል ትደውላለች። በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ ባሏን ከበር ትመልሳለች። ዛሬ ግን ክፉው በእውነት መጣ። ስልኳን አንስታ ፖሊስ ጠራች።

የክሪስታል ከተማ ፖሊስ ባልደረባ የሆነች አንዲት ሴት መጣችና ቤቱን ዞራ አየች።

"የተሰበረ በር አለ?"

"የለም።"

"ጠዋት ቤት ውስጥ ማን ነበር?"

ፋና ወደ ቤዝመንቱ ደረጃ አየች። ባሏ ሰረቀብርሃን ግን አልዘገየም።

"ደረሰ የሚባለው ወንድሟ። እታች ቤዝመንት ነው የሚኖረው።"

ፖሊሷ ጻፈች፤ እንመለሳለን ብላ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ሰረቀብርሃን፣ ሩሐማ ባለችበት፣ ከቤዝመንት ወደ ወጣው ወደ ደረሰ ዞረ።

"እስቲ ንገረኝ። ማን ገባ?"

"ጋሼ፣ የሌሊት ሥራ አድሬ፣ ጠዋት ገብቼ ተኝቼ ነበር። አንዴ ነቅቼ በመስኮት ሳይ፣ ሰደርያና ሄልሜት ያደረገ ሰው ጓሮ ውስጥ ባንዲራ ይተክላል። የጋዙ ሰው ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።"

"ፊቱን አየኸው?"

"ጀርባውን ነው ያየሁት።"

የጋዙ ሰው የሚጠበቅ ነበር። ለመልሱ ጓሮው ውስጥ ዳስ ሊጣል ነው፤ ለምሰሶው ጉድጓድ የሚቆፍረው ደረሰ ነው። ፋና ግን አካፋ መሬት ሳይነካ 811 ደውላለች። እዚያ ሲደወል ባለሙያ በነጻ መጥቶ፣ ከመሬት በታች ያለው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት የት እንደሚሄድ በቀለምና በትንንሽ ባንዲራ ያመለክታል።

"ለዳስ ምሰሶ?" ብሎ ስቆባት ነበር ደረሰ።

"ሙሽራዋን ከነዳሷ ልታቃጥላት ነው?" ብላ መለሰችለት።

አሁን ሰረቀብርሃን በመስኮት ወደ ጓሮው ጠቆመ። "ባንዲራው ይኸው። ሰውዬው ሥራውን ሠርቶ ሄዷል። ቤት ውስጥ የቀረኸው አንተ ነህ።"

"ጋሼ!"

"ለአማቾቼ ምን ልበል? ያመጣችሁትን ወርቅ የሚስቴ ወንድም በላው ልበል? ነገ ሌላ ቤት ፈልግ።"

ደረሰ እህቱን አያት። ፋና ወንድሟን ታውቀዋለች። ቁጡ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ዕቃ ያበላሻል። አይሰርቅም። ይህንን ግን ለሰረቀብርሃን ማን ያስረዳው?

በማግስቱ ጠዋት የበሩ ደወል ጮኸ። ሰደርያ የለበሰች፣ ረጅም መሣሪያ የያዘች ወጣት ቆማለች። ደረቷ ላይ "አያንቱ" የሚል ስም አለ።

"እናቴ፣ የመስመር ምልክት ላደርግ ነው የመጣሁት።"

"ትናንት ባልደረባሽ መጥቶ አድርጎ የለም እንዴ?"

"የትኛው ባልደረባዬ? ይህ ቤት የተሰጠው ለእኔ ነው። ትናንት ማንም አልተላከም።"

ሁለቱም ወደ ጓሮ ወጡ። አያንቱ መሣሪያውን ይዛ ሣሩ ላይ ተመላለሰች። ባንዲራ በተተከለበት በኩል መሣሪያው ዝም አለ። በሌላው በኩል፣ ደረሰ ለምሰሶው ብሎ ድንጋይ ያስቀመጠበት ቦታ ሲደርስ ጮኸ። አያንቱ ጎንበስ ብላ ሣሩን ቢጫ ቀባችው።

"ጋዙ በዚህ ነው የሚያልፈው። ያንን ባንዲራ አምናችሁ ብትቆፍሩ ኖሮ…"

"አትጨርሺው። እኔ በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ።"

አያንቱ ሳቀች። "ደግሞ ይህን የተከለው ሰው ሥራውን አያውቅም። እኛ አንድን መስመር ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም ነው የምናሳየው። ጋዝ ቢጫ፣ ኤሌክትሪክ ቀይ። ይኼ ተቀላቅሏል።"

ፋና ባንዲራዎቹን አየች። ትናንት ልቧ ወርቁ ላይ ስለነበር አላስተዋለቻቸውም። አልተቀላቀሉም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እስከ አጥሩ ድረስ አንዴም አልተዛነፈም።

"አበሻ ነው" አለች።

"ማን?"

"ሌባው። ፈረንጅ ቢሆን እንደመጣለት ይሰካው ነበር። ይሄ ሰው አስቦበት እንኳ አይደለም፤ እጁ ነው የደረደረው።"

ሰረቀብርሃን ተጠርቶ መጣ፤ አየ። ግን አልተበገረም። "እንግዲያው የደረሰ ግብረ አበር ነው።"

"ግብረ አበር ካለው ባንዲራ ምን ያደርግለታል? በሩን ከውስጥ አይከፍትለትም?"

ሰረቀብርሃን አንዱን ባንዲራ ነካ አደረገና ወደ ቤት ገባ።

ፋና ቁጭ ብላ አሰበች። ባለሙያ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ድግስ ሳይደርስ ወሬ አይቅደም ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ከቤተሰቡ ውጪ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለዲኮር ሠሪው ለኖህ። "ምልክት ሳይደረግ መጥተህ ካስማ እንዳትመታብኝ" ብላዋለች። የጥሎሹ ቀንም ቤቱን ያስጌጠው እሱ ነው። የወርቁን ሣጥን ወደ መኝታ ቤት ያስገባችው እያየ ነው።

ፖሊሷን ጠራቻት። ከዚያ ለኖህ ደወለች። "ዳሱን እንይ፣ ቶሎ ና።"

ኖህ ቫኑን በር ላይ አቁሞ ፈገግ እያለ ወደ ጓሮ ገባ።

"እትዬ ፋና፣ ምልክቱ ተደረገ?"

"ተደረገ። ሁለት ጊዜ።"

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ።

"ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?"

"ሌክ ስትሪት። ጨርቅ ስገዛ።"

"ደረሰ ግን እዚህ አይቶሃል። በመስኮት።"

ውሸቷን ነው። ደረሰ ያየው ጀርባ ብቻ ነው።

"ምኑን ያየኛል! ተኝቶ አልነበር እንዴ?"

ፋና አንድ እርምጃ ቀረበችው።

"መተኛቱን በምን አወቅህ?" አለች ፋና ድምፅዋን ሳታነሳ። "ደረሰ የሌሊት ሥራ የገባው በዚህ ሳምንት ነው። ከዚህ ቤት ውጪ የሚያውቅ የለም።"

"ሩሐማ ነግራኝ ነው።"

ሩሐማ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "አይ ኔቨር ቶልድ ዩ፣ ኖህ። እኔ አልነገርኩህም።"

ኖህ ወደ ቫኑ አየ። ሰረቀብርሃን መንገዱ ላይ ቆመበት።

"በቤዝመንቱ መስኮት አየኸው አይደል?" አለች ፋና። "መተኛቱን አይተህ፣ ደረሰ ሳይቆልፍ በተወው የጓሮ በር ገባህ። ባንዲራ የያዘ ሰው ማን ይጠይቀዋል?"

ኖህ ትከሻው ወረደ።

"ሽማግሌ ልኬ ምን አላችሁኝ? ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት አላችሁ። ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ዳራችኋት። የሷን ሠርግ አበባ ስቀል ብላችሁ ደግሞ እኔኑ ጠራችሁ!" ወደ ቫኑ ጠቆመ። "አልሸጥኩትም። የሰው ጥሎሽ አጥፍታችሁ በአማቾቻችሁ ፊት አንገታችሁን ስትደፉ ማየት ነበር የፈለግኩት።"

"ቂም የለኝም ብለህ ሥራውን ስትቀበል አምነንህ ነው። ደረሰስ ምን አደረገህ? ቢታሰርስ? ያንተን ባንዲራ አምኖ ጋዙን መትቶ ቢሞትስ?"

"እሱን አላሰብኩም።"

"እኔ አስቤዋለሁ።"

ፖሊሷ ስትደርስ ኖህ የቫኑን ቁልፍ ራሱ ሰጣት። ወርቁ ከሰው ሠራሽ አበባዎቹ ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። አንድም አልጎደለም።

መኪናዋ ኖህን ይዛ ከሄደች በኋላ ደረሰ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ ከቤዝመንት ወጣ። ሊሄድ ለብሷል።

"ወርቁ ተገኝቷል" አለው ሰረቀብርሃን።

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ከመሄዴ በፊት ሻንጣው ይፈተሽ። ኋላ ማንኪያ ጠፋ እንዳትሉኝ።"

ፋና አፏን ልትከፍት ስትል ሰረቀብርሃን እጁን አነሳ። ወደ ደረሰ ቀረበ። ሩሐማን ወደ ጎኑ ጠራት።

"ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። በልጄ ፊት ሌባ አልኩህ። በእሷው ፊት ይቅር በለኝ።"

ሰረቀብርሃን ሻንጣውን ከደረሰ እጅ ተቀበለና በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ቤዝመንቱ ዞረ። ደረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ተንገዳገደ።

"ጋሼ ተወው፣ ከባድ ነው። ወገብህን…"

"ዝም በልና በሩን ክፈትልኝ።"

ደረሰ ቀድሞት ወርዶ ከፈተለት።