በባዶ ሆድ

የተዋወቅነው የላቦራቶሪያችን በር ተቆልፎብኝ ነው። ቁልፍ ሠሪው መጥቶ በሁለት ደቂቃ ከፈተልኝ፤ ከዚያ እኔን እኔን ሲያይ መሣሪያውን ረስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ «መቆለፊያው ደህና ነው?» እያለ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ይላል። ደህና መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን እህቱን ሚጡን ይዞ መጣ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ኪሎዋ ከእኔ ይበልጣል። ሐኪሙ ስኳሯን፣ የደም ቅባቷንና ጉበቷን እንድንመረምር አዘዋል።

«ምንም አልቀመስሽም አይደል፣ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«አልቀመሰችም» አለ እሱ ፈጠን ብሎ። ሚጡ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

ደሟን ስወስድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እናታችንን የቀበርናት በስኳር ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሷም ካለባት እንዳትነግሪኝ። አይ፣ ንገሪኝ። እኔ እንጃ!»

ከማሽኑ የወጣውን ቁጥር ሳይ ክው አልኩ። አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት። በባዶ ሆድ ይህን ያህል ከሆነ በሽታው ይዟታል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተገተርኩ። ለልጅቷ ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና ለራሴም ፈራሁ፤ እንዲህ ያለ መርዶ ያረዳችውን ሴት ማን ተመልሶ ያያታል?

ሚጡ አጠገብ ሄጄ ጎንበስ ስል አፏ ብርቱካን ብርቱካን ሸተተኝ።

«ጠዋት ምን ጠጣሽ?»

«ጭማቂ። ብስኩትም በላሁ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እሱ ነው የሰጠኝ።»

ዞሬ አፈጠጥኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? ልታሳብደኝ ነው?»

«እማዬ ሳትበላ መድኃኒቷን ወስዳ ነው ስኳሯ ወርዶ የሞተችው» አለ። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ ሲርባት ማየት አልችልም። ጠገብኩ ስትለኝ እንኳ እጨምርላታለሁ።» እንባው መጣ።

ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ። ደግሞስ ጥፋቱ የኔም አይደል? ሚጡን ለብቻዋ መጠየቅ ነበረብኝ። «ነገ ማለዳ ምንም ሳትቀምስ ደሟን ልወስድ እኔው ቤታችሁ እመጣለሁ» አልኩት ሳላስበው።

በማግስቱ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እሱ ዳቦውን እያየ ይንቆራጠጣል። «ራሷን ብትስትስ?»

«እኔ ምንም አልሆንም» አለች ሚጡ። «ይልቅ እህትዬ፣ እሱን ያዢልኝ!»

የዚያን ቀን ስኳሯ መቶ አሥራ አራት ሆነ፤ ከልኩ ትንሽ ያለፈ። ያለፉትን ሦስት ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራም ከዚያው ጋር ገጠመ። ቅባቷ ከፍ ብሏል፣ ጉበቷም ተቆጥቷል። «በሽታው አልያዛትም፤ በዚሁ ከቀጠለች ግን ይይዛታል» አሉ ሐኪሙ። «አመጋገቧ ይስተካከል፣ እንቅስቃሴም ታድርግ።»

ማታ እራት ላይ ጠሩኝ። ሚጡ ግማሽ ሳህን በልታ «ጠገብኩ» አለች። እሱ ማንኪያውን አነሳና እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አትጨምርላት» በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠው።

«ፈራሁ» አለኝ።

«እኔም ፈርቻለሁ።»

«ነገስ ትመጪያለሽ? ብቻዬን አልችለውም።»

የፍቅር ጥያቄ ይሁን የድረሱልኝ ጩኸት አልለየሁም። «እመጣለሁ» አልኩት፤ «ከነገ ወዲያም።»